አር ላይ ስም ያለውን ሊስት በስም ማጣራት፦ የቆሮሶውን ብቻ እንዴት ላውጣ?

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሐዋሳ ነኝ። የማስተርስ ጽሑፌ በሐይቁ የዓሣ ምርት ላይ ነው፤ ትንተናውን የምሠራው አር (R) በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ነው። የዚህ ክፍል ልማድ ኮዱንም እንደምንጠራው በፊደል መጻፍ ስለሆነ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። እናንተ ወደ ላቲን መልሳችሁ አንብቡት።

ዳታው ቀላል ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጀልባ በአንድ ቀን ያስገባችውን ይይዛል። ዓምዶቹ ሦስት ናቸው፦ የዓሣው ዓይነት፣ ወሩ፣ ኪሎው። ዓይነቶቹ ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ ናቸው። ወሩ በኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከወር1 እስከ ወር13 ይሄዳል። ከዚያ በዓይነትና በወር ከፋፈልኩት፦

ምርት <- ስፕሊት(ዳታ, ሊስት(ዳታ$ዓይነት, ዳታ$ወር))

ሊስት ወጣልኝ። ስሞቹ "ቆሮሶ.ወር1"፣ "አምባዛ.ወር1"፣ "ባርበስ.ወር1" እያሉ ይቀጥላሉ። አሁን የምፈልገው ስማቸው በቆሮሶ የሚጀምሩትን ብቻ ነው። ይሄን ሞከርኩ፦

ፊልተር(ፈንክሽን(ኤክስ) ነይምስ(ኤክስ) == "ቆሮሶ", ምርት)

ኤረር አላለኝም። ባዶ ሊስት ሰጥቶኝ ዝም አለ። ምርት$ቆሮሶ ስለው ደግሞ ነል (ምንም የለም) ይለኛል። ስሞቹ እኮ ፊት ለፊቴ ናቸው! ምን እየሆነ ነው?

የታቦር ልጅ፦

ወንድሜ፣ አር ምንም አላጠፋም፤ የጠየቅከውን ነው የመለሰልህ።

ፊልተር የሊስቱን አባላት አንድ በአንድ እያወጣ ለፈንክሽንህ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ውስጡ ያለውን እንጂ ከላይ የተለጠፈውን ስም አይደለም። ስለዚህ ፈንክሽኑ ውስጥ ኤክስ ማለት አንድ ዳታ ፍሬም (ዓምድና መስመር ያለው ሠንጠረዥ) ነው። ነይምስ(ኤክስ) ስትል ያመጣልህ የዓምዶቹን ስም ነው፦ ዓይነት፣ ወር፣ ኪሎ። ከእነሱ ውስጥ "ቆሮሶ" የሚባል ዓምድ የለም። ሁሉም ፎልስ (ሐሰት) ሆነ፣ ባዶ ወጣ።

ስሙን የያዘው ሊስቱ ራሱ ነው። ነይምስ(ምርት) በለው። ተራ የጽሑፍ ቬክተር ይሰጥሃል። ቬክተር ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ጽሑፍ ትጠይቀዋለህ። መልሱን ትሩና ፎልስ አድርገህ በነጠላው ቅንፍ ውስጥ ታስገባዋለህ፦

የቆሮሶ <- ምርት[ስታርትስዊዝ(ነይምስ(ምርት), "ቆሮሶ")]

በቃ ይሄው ነው። ስታርትስዊዝ አር 3.3.0 ላይ፣ 2016 መጣ። ከዚያ ወዲህ ያለ ማንኛውም አር ላይ ይሠራል፤ ፓኬጅ መጫን አያስፈልግም።

ቅንፉን ልብ በል። ነጠላው [ ] ሊስት ወስዶ ሊስት ይመልሳል፤ ያነሰ ሊስት። ድርቡ [[ ]] አንድ አባል ብቻ አውጥቶ ይሰጥሃል። ለማጣራት ሁልጊዜ ነጠላው ነው።

የዶላሩ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። $ ሊስት ላይ ስሙን ባትጨርስለትም ይገምታል። "ቆሮሶ" ብሎ የሚጀምር ስም አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ሳይጠይቅህ ይሰጥህ ነበር። አንተ ጋ ብዙ ስለሆኑ የቱን ልስጥ ብሎ ነል አለህ። እኔ በበኩሌ ስክሪፕት ውስጥ ሊስት ላይ ዶላር አልጠቀምም። ዛሬ የሠራው ነገ አንድ ስም ሲጨመር ነል ይሆናል፤ ነልን ደምረህ ዜሮ ስታገኝ ደግሞ የት እንደጠፋ ፍለጋ ትገባለህ።

ሐይቅ ዳር፦

በመጀመሪያ እህትህ ነኝ 😄 ሁለተኛ፣ ሠራ! እግዜር ይስጥልኝ። የፊልተሩ ነገር አሁን ገባኝ።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ላጣራው ብዬ የመስከረምን ብቻ ፈለግኩ። ከአንድ ሰው የተዋስኩት ኮድ ውስጥ ግሬፕኤል አይቼ ነበር፦

ምርት[ግሬፕኤል("ወር1", ነይምስ(ምርት))]

መስከረም ከወትሮው እጥፍ በላይ ዓሣ የተያዘበት ወር ሆኖ ቁጭ አለ። አማካሪዬ ቢያየው ኖሮ...

ሰንጠረዥ፦

እህቴ፣ ያ መስከረም አይደለም። መስከረም፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜ አንድ ላይ ናቸው። ግሬፕኤል "ይሄ ጽሑፍ የትም ቦታ አለ ወይ?" ነው የሚለው። "ወር1" ደግሞ ወር10፣ ወር11፣ ወር12፣ ወር13 ውስጥም አለ። ፈረንጆቹም ይሄ ወጥመድ አላቸው፤ እኛ በአሥራ ሦስተኛዋ አንድ ጨመርንበት።

መጨረሻውን ማሰር አለብሽ፦

ምርት[ግሬፕኤል("\\.ወር1$", ነይምስ(ምርት))]

የመጨረሻው የዶላር ምልክት "ስሙ እዚህ ላይ ያልቃል" ማለት ነው። ከላይ ከተወራበት ዶላር ጋር ዝምድና የለውም። መነሻውን ለማሰር ^ ትጠቀሚያለሽ። ነጥቧ ፊት ሁለት የኋልዮሽ ሰረዝ ያደረግኩት ደግሞ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ግሬፕኤል በሚፈልግበት የምልክት ቋንቋ) ነጥብ ማለት "ማንኛውም አንድ ፊደል" ስለሆነ ነው። እውነተኛዋን ነጥብ ከፈለግሽ ማምለጫ ትፈልጋለች፤ አር ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰረዝ ለመጻፍ ሁለት ትጽፊያለሽ።

ነጥቧ ከየት መጣች ካልሽ ስፕሊት ነው ያስገባት። በሁለት ነገር ስትከፍዪ ሁለቱን ስም በነጥብ ይሰፋቸዋል። ካልወደድሻት ሴፕ = "_" በዪው፤ በስር ሰረዝ ይሰፋልሻል፣ ከማምለጫውም ትገላገያለሽ።

ይሄ ሁሉ ምልክት ካስጠላሽ ኤንድስዊዝ አለልሽ፦

ምርት[ኤንድስዊዝ(ነይምስ(ምርት), ".ወር1")]

እሱ ጽሑፉን እንዳለ ነው የሚያየው፤ ነጥብም ነጥብ ናት። ነጥቧን ግን አትተዪያት። "1" ብቻ ብትዪው ወር11ም በአንድ ያልቃል።

ከተቻለ ደግሞ ከመነሻው ወር01፣ ወር02 ብለሽ ጻፊ። በስፕሪንትኤፍ አንድ መስመር ስራ ነው። ሲደረደርም ወር10 ከወር2 አይቀድምብሽም።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ስታትስቲክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌንግዝ(ምርት) ስንት ይላል? ሦስት ዓይነት በ13 ወር 39 ነው። ስፕሊት ምንም ዳታ የሌለበትን ጥምር እንኳ ባዶ ሳጥን አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ከ39 ሊያንስ አይገባም። ሊበልጥም አይገባም።

ሐይቅ ዳር፦

ጋሼ... 65 ይላል።

ጡረተኛው፦

65 ለ13 ሲካፈል 5። ኮምፒዩተሩ አምስት ዓይነት ዓሣ ነው የሚያውቀው። ከሐይቁ ሳይሆን ከኪቦርዱ የተያዙ ሁለት አሉሽ ማለት ነው።

ዩኒክ(ዳታ$ዓይነት) በዪና ለጥፊልን። ቴብል ሳይሆን ዩኒክ። ቴብል ስሞቹን ያለ ጥቅስ ምልክት ስለሚያሳይ ጫፍ ላይ ያለ ባዶ ቦታ አይታይም። ዓምዱ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ዩኒክ በጥቅስ ውስጥ አድርጎ ነው የሚያወጣው።

ሐይቅ ዳር፦

"ቆሮሶ"  "አምባዛ"  "ባርበስ"  "ቆሮሶ "  "ዓምባዛ"

ወይ ጉድ። መዝጋቢዎቹ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በስልኩ ነው የሚሞላው። ስልኩ ቃሉን ሲጨርስለት ባዶ ቦታ ይጨምራል ማለት ነው። "ዓምባዛ" የሚለው ደግሞ ሌላኛው ነው፤ እሱ ዓሣን በዓይኑ ዓ ስለለመደ አምባዛንም እንደዚያ ጻፈው።

ቆይ እኔ ስሞቹን ላጥራቸው። ትሪምደብልዩኤስ የሚባለው ፈንክሽን ባዶ ቦታ ይቆርጣል አይደል?

የታቦር ልጅ፦

ይቆርጣል፤ ግን ከጫፍና ከጫፍ ብቻ። አሁን የሊስቱን ስም ተመልከቺ፦ "ቆሮሶ .ወር1"። ባዶዋ ቦታ መሃል ገብታለች። ስፕሊት ነጥቡንና ወሩን ከኋላዋ ስለሰፋባት ትሪምደብልዩኤስ አያገኛትም። ሊስቱ ላይ ሳይሆን ዳታው ላይ፣ ከመከፈሉ በፊት ነው የሚጠራው፦

ዳታ$ዓይነት <- ትሪምደብልዩኤስ(ዳታ$ዓይነት)

ጡረተኛው፦

ትክክል። ከተከፈለ በኋላ ስም ብታርሚ ሌላም ችግር ይመጣል። "ዓምባዛ.ወር1" የሚለውን "አምባዛ.ወር1" ብለሽ ብታስተካክዪው ያው ስም ያላቸው ሁለት አባላት ይኖሩሻል። አር ደግሞ በሊስት ውስጥ የስም መደገምን አይከለክልም። ያኔ ምርት["አምባዛ.ወር1"] ብትዪ የመጀመሪያውን ብቻ ሰጥቶሽ ሁለተኛውን ይዘለዋል። ማስጠንቀቂያ እንኳ የለውም።

በአንጻሩ ምርት[ነይምስ(ምርት) %ኢን% "አምባዛ.ወር1"] ካልሽ ሁለቱንም ያመጣል። ምክንያቱም በስም መጥራትና በስም ማጣራት አንድ አይደሉም። ስትጠሪው የመጀመሪያው "አቤት" ያለው ይመጣል። ስታጣሪ ግን እያንዳንዱ ስም ለየብቻው ይጠየቃል።

ስም መደገሙን ለማወቅ ኤኒዱፕሊኬትድ(ነይምስ(ምርት)) በዪ። ዜሮ ካለ ንጹሕ ነው። ሌላ ቁጥር ካለ የመጀመሪያው ድግም ስንተኛ ላይ እንዳለ ነው የሚነግርሽ።

ፊደል ቆጣሪ፦

የ"ዓ" ነገር ሲነሳማ ዝም ማለት አልችልም። ስንቱን ሌሊት የወሰደብኝ ጉዳይ ነው።

ለእኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ስድስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ብለን እንጽፋለን፤ ማንም አንባቢ አይሳሳትም። %ኢን% ግን ሦስት ከተማ ነው የሚያየው። ስለዚህ በአማርኛ ስም ከማጣራት በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ግድ ነው። አር ውስጥ ካርቲአር የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ፊደል በፊደል ይተካል።

ብዙ ሰው ካርቲአርን ያገኝና "ዐዑዒዓዔዕዖ" የሚለውን ሙሉ ረድፍ በ"አኡኢኣኤእኦ" ይተካዋል። ያምራል፤ ግን "ዓምባዛ" ምን ሆነ? "ኣምባዛ"! ራብዑ ዓ ወደ ራብዑ ኣ ሄደ። አሁንም "አምባዛ" ከሚለው ጋር አይገጥምም። ግዕዙና ራብዑ ለእኛ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ ሁለቱንም አንድ ላይ ማምጣት አለብሽ፦

ዳታ$ዓይነት <- ካርቲአር("ዐዓኣሐሓኀኃሃ", "አአአሀሀሀሀሀ", ዳታ$ዓይነት)

ከዚያ የሠ ረድፍ ወደ ሰ፣ የፀ ረድፍ ወደ ጸ። እነሱ ላይ ግዕዝና ራብዕ ስለማይምታቱ ሰባቱን በሰባቱ መተካት ይበቃል። የቀሩትን የሐ፣ የኀና የዐ ፊደላትም እንዲሁ በየረድፋቸው። የግራና የቀኙን ብዛት ቁጠሪ። ግራው ከበዛ ካርቲአር ኤረር ይልሻል። ቀኙ ከበዛ ግን ዝም ብሎ ትርፉን ይተወዋል፤ እሱ ነው የሚያስፈራው።

ሌላ፦ የዓምዱን ስም ራሱን "ዓይነት" ብለሻል። ሌላ ፋይል ላይ "አይነት" ብለሽ እንደሆነ ዳታ$ዓይነት ነል ይሆናል። ለዓምድ ስም አንድ አጻጻፍ ምረጪና እሱው ላይ ጽኚ።

ባጃጅ ተራ፦

ይቅርታ፣ ግን ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? በአማርኛ ስም ዳታ መሙላት ድሮም ነገር ፍለጋ ነው። ቆሮሶ 1፣ አምባዛ 2፣ ባርበስ 3 ብሎ በቁጥር መጨረስ ነው። እኔ ቢሮ ያለው ኮምፒዩተር ላይ የአማርኛ ስም ሳስገባ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ የኮድ ቁጥር ነው የሚደረድርብኝ። ማጣራት ቀርቶ ማንበብም አልተቻለም።

ፊደል ቆጣሪ፦

ቢሮ ያለው ዊንዶውስ ላይ ያለ የድሮ አር ነው፣ አይደል? ከ4.2.0 በፊት አር ዊንዶውስ ላይ ዩቲኤፍ 8ን እንደ ዋና የፊደል ስርዓቱ አይጠቀምም ነበር። ስለዚህ የኛን ፊደል ማሳየት ሲያቅተው ቁጥሩን ይዘረግፋል። 4.2.0 በ2022 ሲወጣ አዲስ በሆነ ዊንዶውስ 10 ላይ ያ ችግር ተፈታ። ሊኑክስና ማክ ላይ ድሮም አልነበረም። የሚያስፈልግህ ማሻሻል ነው። ፊደሉ ምን አደረገ?

ባጃጅ ተራ፦

አሻሽል ማለት ቀላል ነው፤ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም ለመጫን ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ አንተ ስለማታውቅ ነው። ደግሞም ቁጥር ባዶ ቦታ የለው፣ ዓይኑ ዓ የለው።

ጡረተኛው፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ግን ቁጥርም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚመዘግብ ሰው 2 ብሎ ሊጽፍ ሲል 3 ቢጽፍ አምባዛው ባርበስ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም አያገኘውም። "ዓምባዛ" ብሎ ቢጽፍ ግን ስህተቱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ይታረማልም። እኔ ለመስክ መዝገብ ስም እመርጣለሁ፤ ለትንተና ስሙን አጥርቶ ወደ ፋክተር መቀየር ነው። ፋክተር ሲሆን የተፈቀዱትን ሦስት ስሞች ሌቭልስ ብለሽ ትሰጪዋለሽ፤ ከእነሱ ውጭ የመጣ ሁሉ ኤንኤ (የሌለ ዳታ) ይሆናል። ከዚያ ኤንኤዎቹን ቆጥሮ መመልከት ነው። ሳታዪ ግን እንዳትከፍዪ፤ ስፕሊት ኤንኤ የሆነውን መስመር በየትኛውም ሳጥን ሳያስገባ ይጥለዋል።

ሐይቅ ዳር፦

በፊርማው ጉዳይ ከባጃጅ ተራ ጋር ነኝ 😅 በተረፈ ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ። አጠራሁ፣ እንደገና ከፈልኩ። ሌንግዝ 39!

አሁን ከሠራሁት አንዱ ላይ ጥያቄ አለኝ። ከባርበስ በስተቀር ያሉትን ለማውጣት እንዲህ አልኩ፦

ምርት[-ግሬፕ("ባርበስ", ነይምስ(ምርት))]

ይሄ ሠርቷል። ያው ስክሪፕት ግን የሌላ ዓመት ፋይል ላይ ሳስኬደው "ነይምድ ሊስት()" ብሎ ባዶውን መለሰ። በዚያ ዓመት ባርበስ አልተመዘገበም፤ ቆሮሶና አምባዛ ግን ሞልተዋል። የሚጣል ከሌለ ሁሉም መቅረት አልነበረበትም?

የታቦር ልጅ፦

ይሄ የታወቀ ጉድጓድ ነው፤ ስንቱን በልቷል።

ግሬፕ የሚመልሰው ቦታዎችን በቁጥር ነው፦ 3ኛ፣ 6ኛ፣ 9ኛ። መቀነሱ "እነዚህን ጣል" ይሆናል። የሚገጥም ስም ከሌለ ግን ግሬፕ ባዶ ቬክተር ይመልሳል። የባዶ ነጋቲቭ ያው ባዶ ነው። በባዶ ቬክተር ስትጠቁሚ ደግሞ አር የሚረዳው "ምንም አልመረጠችም" ብሎ ነው። "ምንም አትጣል" ብለሽ የጻፍሽው "ምንም አትስጠኝ" ሆነ። -ዊች(...) ስትዪም ያው ነው።

መድኃኒቱ በትሩና ፎልስ መሥራት ነው፦

ምርት[!ግሬፕኤል("^ባርበስ\\.", ነይምስ(ምርት))]

ኤል ያለበት ግሬፕ ለእያንዳንዱ ስም አንድ መልስ ይሰጣል። ባርበስ ከሌለ ሁሉም ፎልስ፣ ሲገለበጥ ሁሉም ትሩ፤ ሊስቱ እንዳለ ይቀራል። የሚጣሉትን ሙሉ ስም የምታውቂ ከሆነ ደግሞ፦

ምርት[ሴትዲፍ(ነይምስ(ምርት), የሚጣሉ)]

ይሄም የሚጣል ባይኖር አይጎዳሽም። ስም ከተደገመ ግን ሴትዲፍ አንዱን ብቻ ያስቀራል፤ ጋሼ ከላይ ያሉትን ያዢ።

ሰንጠረዥ፦

በዚያው ስለመምረጥም ልጨምር። የስም ዝርዝር ይዘሽ ምርት[ዝርዝር] ስትዪ አንዱ ስም ሊስቱ ውስጥ ባይኖር ኤረር አይልሽም። ስሙ ኤንኤ፣ ውስጡ ነል የሆነ አባል ሰክቶ ይሰጥሻል። ስህተቱ የሚወጣው ቆይቶ፣ ኤልአፕላይ (በእያንዳንዱ አባል ላይ ፈንክሽን የሚያስኬደው) ላይ ስትደርሺ ነው። በ%ኢን% ስታጣሪ የሌለው ስም ዝም ብሎ ይዘለላል።

ልዩነታቸው በቅደም ተከተልም ነው። በስም ስትጠሪ አንቺ በጠራሽው ተራ ይመጣሉ። በ%ኢን% ግን ሊስቱ ራሱ ባለው ተራ። ለግራፍ የራስሽን ተራ ፈልገሽ፣ የሌለውም እንዲዘለል ከፈለግሽ፦

ምርት[ኢንተርሴክት(ዝርዝር, ነይምስ(ምርት))]

ዝርዝርሽን ፊት አድርጊው፤ ኢንተርሴክት የፊተኛውን ተራ ነው የሚከተለው።

ታይዲ፦

ሁላችሁም በቤዝ አር (ፓኬጅ ሳይጫንበት ባለው አር) ብቻ ነው የምታወሩት። ታይዲቨርስ የሚባለውን የፓኬጆች ስብስብ የሚጠቀም ሰው ፐር የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ኪፕ_አትና ዲስካርድ_አት አለለት። 1.0.0 ላይ ነው የገቡት፣ 2022 መጨረሻ። ስማቸው እንደሚለው በስም ያስቀራሉ፣ በስም ይጥላሉ፦

ኪፕ_አት(ምርት, ፈንክሽን(ስ) ስታርትስዊዝ(ስ, "ቆሮሶ"))
ዲስካርድ_አት(ምርት, ፈንክሽን(ስ) ስታርትስዊዝ(ስ, "ባርበስ"))

ፈንክሽኑ እዚህ የሚቀበለው ስሞቹን ነው፤ እህታችን መጀመሪያ ፊልተርን የጠየቀችው ይሄንኑ ነበር። "አት" የሌለው ኪፕ ግን እንደ ፊልተር ውስጡን ነው የሚያየው። አትደባልቋቸው።

የታቦር ልጅ፦

ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለአንድ መስመር ብዬ ፓኬጅ አላስጭናትም። ቤዙ ሁሉም ኮምፒዩተር ላይ አለ፤ ነገ ስክሪፕቱን ለአማካሪዋ ስትልክም ምንም ሳይጫን ይሄዳል። ታይዲቨርስን ሌላ ስራ ላይ የምትጠቀም ከሆነ እሺ።

ታይዲ፦

የፐርን ኮድ ግን ከስድስት ወር በኋላም አንብበህ ትረዳዋለህ። ያንተን የቅንፍ ጫካ እንጃ።

ባጃጅ ተራ፦

ጠብ ከሆነ አሞራ ገደል እንገናኝና የዓሣ ሾርባ ላይ ጨርሱት፤ ሒሳቡን ባለጉዳይዋ 😂

የኔ ጥያቄ፦ ሊስት ውስጥ ሊስት ቢኖርስ? እኔ ጋ በክፍለ ከተማ ነው የተከፈለው። ታቦር፣ መናኸሪያ፣ ሐይቅ ዳር እያለ ይሄዳል፤ በየውስጣቸው ደግሞ "ገቢ"፣ "ወጪ"፣ "ማስታወሻ" የሚባሉ አሉ። ከሁሉም ውስጥ "ማስታወሻ" የሚለውን መጣል እፈልጋለሁ።

የታቦር ልጅ፦

ማጣሪያው ያው ነው፤ አንድ ፎቅ ወርደህ ነው የምትሠራው፦

ኤልአፕላይ(መዝገብ, ፈንክሽን(ክ) ክ[ነይምስ(ክ) != "ማስታወሻ"])

ኤልአፕላይ የላይኛውን ስም አይነካም፤ ታቦር ታቦር ሆኖ ይመለሳል። ግን አንዱ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ሊስት ጭራሽ ስም ከሌለው ነይምስ ነል ይመልስና ያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ባዶ ይሆንብሃል፣ ያለ ኤረር። ስታርትስዊዝ ቢሆን ኖሮ "ጽሑፍ አይደለም" ብሎ ይቆም ነበር። እኔ መቆሙን እመርጣለሁ። ስለዚህ ከማጣራትህ በፊት የሁሉም ነይምስ መኖሩን እይ።

ሐይቅ ዳር፦

ሾርባው በኔ፣ ግን ጽሑፉ ካለፈ በኋላ።

የመጨረሻ ጥያቄ። 39ኙ ውስጥ ወር13 ላይ ያሉት ሦስቱም ባዶ ናቸው፤ ዜሮ መስመር። አማካይ ላሰላ ስል ኤንኤኤን (ቁጥር ያልሆነ) ይሰጡኛል። እነሱንም በስም ልጣላቸው?

ሰንጠረዥ፦

እዚህ ላይ ስሙ ሳይሆን ውስጡ ነው ባዶ። እንግዲህ መጀመሪያ የሞከርሽው ፊልተር አሁን ቦታውን አገኘ፦

ፊልተር(ፈንክሽን(ኤክስ) ኤንሮው(ኤክስ) > 0, ምርት)

ወይም ከመነሻው ስፕሊት ላይ ድሮፕ = ትሩ በዪ፤ ባዶ ሳጥን አይፈጥርም። በስም "ወር13" ብለሽ ብትጥዪ ግን የሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜ ላይ የተመዘገበ ነገር ካለ አብሮ ይሄዳል።

ጡረተኛው፦

ከመጣልሽ በፊት፣ ልጄ፣ ባዶ የሆነው ዓሣ ስላልተያዘ ነው ወይስ ስላልተመዘገበ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አልተያዘም ከሆነ ዜሮ ኪሎ ነው፤ አማካዩ ውስጥ መግባት አለበት። አልተመዘገበም ከሆነ የሌለ ዳታ ነው፤ ይውጣ።

ሐይቅ ዳር፦

መዝጋቢዎቹን ደውዬ ጠየቅኩ። ጀልባዎቹ ጳጉሜንም ሲወጡ ነበር። ቅጹ ላይ ግን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የታተመው፤ ስለዚህ አንዱ የጳጉሜን ነሐሴ ላይ ደምሮታል፣ ሌሎቹ አልጻፉትም።

ጡረተኛው፦

እንግዲያው ወር13ን አውጪና ምክንያቱን ዘዴ የሚለው ምዕራፍ ላይ ጻፊው። ነሐሴንም ለብቻው እይው። የዚያን የአንዱን መዝጋቢ ነሐሴ ከሌሎቹ ጋር ሳትለዪ አማካይ እንዳታወጪ። መዝጋቢው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ አለሽ?

ሐይቅ ዳር፦

ወረቀቱ ላይ አለ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ አላስገባሁትም። ነገ ቁጭ ብዬ አስገባለሁ። ከዚያ በሦስት ነገር እከፍለዋለሁ፦ በዓይነት፣ በወር፣ በመዝጋቢ። ሴፕ = "_"፣ ወር01፣ ድሮፕ = ትሩ። የመዝጋቢውን ስም ግን "መ1"፣ "መ2"፣ "መ3" ነው የማደርገው።

ሰንጠረዥ፦

መዝጋቢ እስከ አሥር እስካልደረሰ ድረስ ይሁንልሽ 😄